«አመሌ ነው» ለሚል ሰው የአሪስቶትል መልስ

ሳህን የሰበረ ቁጣ ከበረደ በኋላ የሚመጣ አንድ የታወቀ ንግግር አለ፤ «ምን ላድርግ፣ አመሌ ነው»። ተናጋሪው ይቅርታ የጠየቀ ይመስላል እንጂ አልጠየቀም። ጥፋቱን ከራሱ ላይ አንሥቶ አመል ለሚባል፣ አብሮት ለተወለደ ለሚመስል ሌላ አካል ነው ያስረከበው። ሰሚውም አብዛኛውን ጊዜ ይቀበለዋል። ሰው የተፈጠረበትን ምን ያድርግ?

ከዛሬ 2300 ዓመት በፊት አቴና ውስጥ ያስተምር የነበረው አሪስቶትል ይህን ምክንያት አይቀበልም ነበር። የማይቀበልበት መንገድ ደግሞ የሽማግሌ ተግሣጽ አይደለም። አመል ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደሚሠራና ማን እንደሚሠራው ቁጭ ብሎ መርምሮ የደረሰበት ነው።

አማርኛችን «አመል» ሲል ሁለት ነገር በአንድ ቃል ያነሣል። «ማምሸት አመል ሆነበት» ስንል የተደጋገመ ልማድ ማለታችን ነው። «አመለ ሸጋ ናት» ስንል ግን ጠባይዋን ነው። ግሪኮችም እንዲሁ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ልማድም ጠባይም በእነርሱ ቋንቋ «ኤቶስ» ነው፣ የሚለያቸው የመጀመሪያው አናባቢ ማጠርና መርዘም ብቻ ነው። አሪስቶትል ይህ መመሳሰል ድንገት የመጣ አይደለም ይላል። ጠባይ ከልማድ በስሙ እምብዛም የማይርቀው፣ የሚሠራው ከእርሱው ስለሆነ ነው። አውሮፓውያን ሥነ ምግባርን «ኤቲክስ» የሚሉትም ከዚሁ ቃል ወስደው ነው።

ሰውየው አቴናዊ አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ384 በሰሜን ግሪክ ስታጊራ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ኒኮማኮስ የመቄዶንያ ንጉሥ ሐኪም ነበር። በ17 ዓመቱ አቴና መጥቶ በፕላቶ አካዳሚ 20 ዓመት ቆየ፣ በኋላ ገና ልጅ የነበረውን ታላቁን እስክንድርን አስተማረ፣ በ335 ደግሞ ወደ አቴና ተመልሶ ሊሲየም የሚባለውን የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። ስለ ጠባይ የጻፈው ዋናው ሥራው «ኒኮማኮሳዊ ሥነ ምግባር» ይባላል፤ 10 ክፍሎች አሉት። አጻጻፉ ደረቅ ነው፤ ለመማሪያ ክፍል የተዘጋጀ ማስታወሻ ይመስላል። የሐኪም ልጅ መሆኑ ግን በየቦታው ያስታውቃል። ስለ ነፍስ እያወራ እንኳ ምሳሌው ስለ በሽተኛ፣ ስለ ምግብና ስለ ትግል ስፖርተኞች ነው።

የነገሩ ቁልፍ «አሬቴ» የሚለው ቃል ነው። ዛሬ «በጎነት» ወይም «ምግባር» ብለን እንተረጉመዋለን። ስሕተት ባይሆንም ይጠብበታል። ግሪኩ ቢላዋም አሬቴ አለው ይላል፤ ስለቱ ነው። ዓይንም አለው፤ አጥርቶ ማየቱ። ፈረስም አለው፤ መሮጡ፣ ጋላቢውን መሸከሙ፣ ጠላት ሲመጣ አለመደንገጡ። አሬቴ አንድ ነገር የተሠራበትን ሥራ አሳምሮ የሚሠራበት ብቃት ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚቀርበው ግዕዙ «ትሩፋት» ይመስለኛል። ዛሬ «የልማት ትሩፋት» እየተባለ ወደ ጥቅም ስለተጠጋ ደከም ብሏል እንጂ ሥሩ «ተረፈ» ነው፤ «ትሩፍ» ማለትም ከሌላው ልቆ የተገኘ ማለት ነው። እንዲህ ሲታይ የጀግንነት ትሩፋት ያለው ሰው ሕግ ያከበረ ሰው ብቻ አይደለም። ሰው መሆንን አሳምሮ የሠራ ሰው ነው።

የዚህ ሁሉ መድረሻ «አውዳይሞኒያ» ይባላል። ብዙ ጊዜ «ደስታ» ተብሎ ይተረጎማል፤ ግን ጠዋት መጥቶ ማታ የሚሄድ ስሜት አይደለም። ሕይወቱ የሰመረለት፣ አኗኗሩ ያማረለት ሰው የሚባለው ዓይነት ነው። አንዲት ወፍ መጥታ ስለታየች ጸደይ ገባ እንደማይባል ሁሉ፣ አንድ መልካም ቀንም ሰውን የሰመረለት አያሰኘውም ይላል አሪስቶትል። የሚለካው ሙሉ ዕድሜ ነው።

ከእርሱ በፊት ሌላ ክርክር ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 መርዝ ጠጥቶ እንዲሞት የተፈረደበት ሶቅራጥስ፣ ሰው እያወቀ ክፉ አይሠራም ይል ነበር። ክፉ የሠራ ሰው የሚጠቅመውን ስለተሳሳተ ነው፤ ስለዚህ በጎነት ዕውቀት ነው። ዕውቀት ከሆነ ደግሞ ሊማሩት ይገባል። ታዲያ አስተማሪው የት አለ? ሜኖን የሚባለው የፕላቶ ድርሰት የሚጀምረው በዚሁ ጥያቄ ነው። እዚያ ሶቅራጥስ የቴሚስቶክሊስን ልጅ ያነሣል። ቴሚስቶክሊስ በ480 ፋርሶችን ሳላሚስ ላይ በባሕር ያሸነፈው የአቴና መሪ ነው። ልጁን ክሌዎፋንጦስን ምርጥ ፈረሰኛ አደረገው፤ ልጁ በሚጋልብ ፈረስ ጀርባ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጦር ይወረውር ነበር። የአባቱን ጥበብና በጎነት ግን ወረሰ ያለ ማንም የለም። ፈረስ ላይ መቆምን ማስተማር የቻለ አባት፣ ቢቻል ኖሮ ይህንንስ ያስቀርበት ነበር? አባት ለሆነ ሁሉ የሚያሳክክ ጥያቄ ነው።

አሪስቶትል ለዚህ ክርክር የሰጠው መልስ ቀላል ይመስላል። ክሌዎፋንጦስ ፈረስ ላይ መቆምን የተማረው ፈረስ ላይ በመቆም ነው፤ ጠባይንም ሰው የሚማረው እንዲሁ ነው። ግንበኛ የሚሆኑት በመገንባት ነው። ኪታራ የሚባለውን ክራር መሰል መሣሪያ የሚለምዱትም በመደርደር ነው። እንዲሁ ትክክለኛ ነገር እየሠራን ትክክለኞች፣ አደጋ ፊት እየቆምን ደፋሮች እንሆናለን። እዚህ ላይ በቀላሉ የሚታለፍ አንድ ነገር አለ። በመደርደር የሚገኘው ጥሩ ደርዳሪ ብቻ አይደለም፤ መጥፎ ደርዳሪም የሚገኘው በመደርደር ነው። ባይሆን ኖሮ አስተማሪ ባላስፈለገ ነበር። ልምምድ ራሱ ገለልተኛ ነው፤ ቁጡም ትዕግሥተኛም የሚሠሩት በአንድ መሥሪያ ቦታ ነው።

ተቃውሞው ወዲያው ይመጣል። ትክክለኛ ያልሆነ ሰው እንዴት ትክክለኛ ሥራ ይሠራል? የአሪስቶትል መልስ እንዲህ ነው፤ ፊደል ያልለመደ ልጅም ሌላ ሰው ስለነገረው ብቻ ፊደሉን በትክክል ሊጽፍ ይችላል፤ ጸሐፊ ግን አላልነውም። ሥራው ከውጭ ሲታይ አንድ ነው። ሠሪው ግን የሚሠራውን ማወቅ፣ ለሥራው ለራሱ ብሎ መምረጥና ከማይናወጥ ጠባይ ተነሥቶ ማድረግ አለበት። ምልክቱ ምንድን ነው? ደስታና ሕመም ነው ይላል። ለድሀ ሰጥቶ ሌሊቱን ሙሉ ብሩን ሲቆጥር ያደረ ሰው ገና ለጋስ አልሆነም። በመንገድ ላይ ነው።

ስለ በጎነት መናገር የሚወዱ ግን መሥራት የማይወዱ ሰዎችንም አልማራቸውም። ሐኪሙን በጽሞና ሰምተው ካዘዘው አንዱንም የማይፈጽሙ በሽተኞችን ይመስላሉ፤ እንዲህ ታክመው ሰውነታቸው እንደማይድን፣ እንዲያ ተፈላስፈው ነፍሳቸው አትድንም።

«አመሌ ነው» ባዩ እዚህ ላይ ይያዛል። አንድ ሰው ቁጡ ከሆነ በኋላ መቆጣቱን ማቆም ላይችል ይችላል፤ በሽተኛም ስለፈለገ ብቻ አይድንም። ይህን አሪስቶትል አይክድም። ግን ድንጋይ የወረወረ ሰው ድንጋዩን ከአየር ላይ መመለስ ባይችልም መወርወሩ በእጁ ነበር። አመል የብዙ ትንንሽ ውርወራዎች ድምር ነው።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ ወደ ተበላሸው ሐሳቡ እንምጣ፤ «መካከለኛው መንገድ» ወደሚባለው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የሚታየው ለብ ያለ ሰው ነው። የማይሞቅ፣ የማይቀዘቅዝ፣ ስብሰባ ላይ እጁን በግማሽ የሚያወጣ። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ትምህርቱ 2300 ዓመት መንገድ አይገባውም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀግንነት በፍርሃትና በጀብደኝነት መካከል ነው፤ ለጋስነት በንፍገትና በአባካኝነት መካከል። ግን መካከሉ የሚለካው በገመድ አይደለም። ለአንድ ሰው አሥር ምናን (ምናን የክብደት መለኪያ ነው) ምግብ ቢበዛ ሁለትም ቢያንስ፣ አሠልጣኙ ስድስት ብሎ አያዝም። ለሚሎን፣ በዘመኑ ለተፈራው የትግል ስፖርተኛ፣ ስድስት ያንሳል፤ ትናንት ለጀመረ ተለማማጅ ደግሞ ይበዛል። መካከለኛው ለዚህ ሰው፣ በዚህ ጉዳይ፣ በዚህ ሰዓት የሚስማማው ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ዳር ድረስ ይሄዳል። ቀስተኛን ማሰብ ይሻላል። ዒላማውን መሳቻው ብዙ ነው፣ በግራ፣ በቀኝ፣ በላይ፣ በታች፤ መምቻው ግን አንድ ነው።

ቁጣን ራሱን እንውሰድ። አሪስቶትል አትቆጡ አላለም። መቆጣት በሚገባው ነገር የማይቆጣ ሰው፣ ሲሰደብም ወገኑ ሲሰደብም ዝም የሚል፣ ለእርሱ ሞኝ ወይም ባርያ መሰል ነው። መቆጣት ማንም ይችላል፤ ቀላል ነው። በሚገባው ሰው ላይ፣ በሚገባው ምክንያት፣ በልኩ፣ በጊዜውና በወጉ መቆጣት ነው ከባዱ። የቁጣን ዓይነቶች ሲለይ ደግሞ ሰፈራችንን የሚያውቅ ይመስላል። ቶሎ የሚነድ አለ፤ በማይገባው ሰው ላይ፣ ከልኩ በላይ ይቆጣል፣ ነገር ግን ቶሎ ይበርዳል፤ ደግነቱም ይህ ነው። ሌላው መራራው ነው፤ በሆዱ ይይዛል። ስለማያወጣው የሚያባብለው አያገኝም፤ ቁጣን በውስጥ መፍጨት ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። ይህኛው ከሁሉ በላይ የሚከብደው ለራሱና ለቅርብ ወዳጆቹ ነው። እኛ ቂመኛ እንለዋለን፤ ብዙ ጊዜም «ጭምት ነው» እያልን እናሳልፈዋለን።

ለሁሉ ነገር መካከለኛ አለው ማለት ግን አይደለም። በልኩ ማመንዘር፣ በመጠኑ መግደል የሚባል ነገር የለም፤ ስማቸው ራሱ ጥፋት ነው። ዒላማውን ለሳተ ሰው የሰጠው ምክርም የአናጺ ነው። ወዴት እንደምታዘነብል እወቅና ወደ ተቃራኒው ተጎተት፤ የተጣመመ እንጨት የሚቃናው ወደ ሌላው ጎን ሲለመጥ ነው። ንፉግ ለጊዜው አባካኝ እስኪመስል ይስጥ። ለአባካኙ ግን ይህ ምክር መርዝ ነው፤ ለሁለቱ አንድ ስብከት መስበክ ያልተቻለው ለዚህ ነው።

ሶቅራጥስ «እያወቀ የሚያጠፋ የለም» ብሎ የተወውን ጥያቄም አሪስቶትል እንደገና አነሣው። አለ እንጂ! ማታ «ነገ አልጠጣም» ብሎ በማግሥቱ የጠጣ ሁሉ ምስክር ነው። ይህን ሰው ከሌሎች ሦስት ጋር ያስተያየዋል። አንዱ ክፉው ነገር የማያምረው፣ ስለዚህም የማይታገል ነው። ሁለተኛው ያምረዋል፣ ይታገላል፣ ያሸንፋል። ሦስተኛው የእኛው ሰው ነው፤ ይታገላል፣ ይሸነፋል፣ ይጸጸታል። አራተኛው አይታገልም፤ ጥፋቱን ልክ ነው ብሎ ይዞታል። ከእነዚህ የሚበልጠው ማን ነው? ብዙዎቻችን ታግሎ ያሸነፈውን እናደንቃለን፤ አሪስቶትል ግን መታገል የማያስፈልገውን ያስቀድማል። እኔ እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ ያላማረውን የተወ ምን ተወ? እርሱ ግን የሚጠይቀው ማን የበለጠ ደከመ ብሎ አይደለም፣ የማን ነፍስ ጤነኛ ናት ብሎ ነው። የሐኪም ልጅ አይደል።

ሦስተኛው ሰው ያወቀው ነገር በዚያች ሰዓት የት ሄደ? አሪስቶትል እንደሚለው የሰከረ ሰው የጥንቱን ፈላስፋ የኤምፔዶክሊስን ግጥም በቃሉ ሊወጣው ይችላል፤ አፉ ይናገራል እንጂ ዕውቀቱ ተኝቷል። ሌላ ቦታ ደግሞ መልካም ሕግ አውጥታ አንዱንም በሥራ ከማታውል ከተማ ጋር ያመሳስለዋል። የዚችን ከተማ ስም አንባቢ ይሙላ።

ይህ ሁሉ አንድ ጎደሎ አለበት፤ በልኩ፣ በጊዜው፣ በሚገባው ሰው ላይ የሚለውን ማን ይወስናል? ግሪኮች ለዚህ «ፍሮኔሲስ» የሚል ቃል አላቸው። «ጥበብ» ብንለው ከሊቅነት ጋር ይምታታል፤ አሪስቶትል ራሱ ታሌስን የመሰሉ ሊቃውንት ድንቅና ረቂቅ ነገር እያወቁ የሚጠቅማቸውን ግን አያውቁም ይላል። አማርኛ የተሻለ ቃል አለው፤ «አስተዋይነት» ነው። ማስተዋል ማየት ነው፤ ፊት ለፊት ያለውን ጉዳይ በቅጡ ማየት። ቀላል ሥጋ ለጤና ጥሩ መሆኑን የሚያውቅ፣ የትኛው ሥጋ ቀላል እንደሆነ ግን የማያውቅ ሰው ማንንም አያድንም። የወፍ ሥጋ ጥሩ ነው ብሎ ብቻ የሚያውቀው ይሻለዋል። ወጣት የሒሳብ ሊቅ የሚገኘው፣ አስተዋይ ወጣት ግን የማይገኘው ለዚህ ነው፤ ሒሳብ በጭንቅላት ይያዛል፣ አስተዋይነት ግን ብዙ ጉዳይ ማየትን፣ ማለትም ዕድሜን ይጠይቃል።

በአንድ ነገር ደግሞ አማርኛችን አሪስቶትልን ከብዙ ትርጉሞች በተሻለ ያስረዳዋል። ያሰበው ግብ ላይ የሚያደርሰውን መንገድ ፈጥኖ የሚያገኝ ችሎታ አለ፤ ግቡ መልካም ይሁን ክፉ ለችሎታው ግድ የለውም። ይህ ከፍሮኔሲስ ይለያል ብሎ አሪስቶትል ረጅም ማብራሪያ ይሰጣል። እኛ በሁለት ቃላት እንጨርሰዋለን፤ ያኛው ብልጥ ነው፣ ይኼኛው ብልህ።

ደንብ ብቻ የማይበቃበትን ምክንያት ስለ ሕግ ሲያወራ ባነሣው ምሳሌ ማየት ይቻላል። ሌስቦስ በምትባለው ደሴት ግንበኞች ከእርሳስ፣ ከዚያ ለስላሳ ብረት የተሠራ መለኪያ ነበራቸው። ቀጥ ያለው መለኪያ ወጣ ገባ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ክፍተቱን ይተዋል፤ የእርሳሱ ግን እንደ ድንጋዩ ቅርጽ ይታጠፋል። መለኪያነቱን ግን አልተወም። አስተዋይ ዳኛም ሕጉ ያላሰበው ጉዳይ ሲመጣበት፣ ሕግ አውጪው ራሱ እዚህ ቢኖር ምን ይል ነበር ብሎ ይፈርዳል።

ይህን ሳስብ ትዝ የሚለኝ የእኛው «መጽሐፈ ፈላስፋ» ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ አባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሰው ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተማረው ካናዳዊው ክሎድ ሰምነርም አጥንቶ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞታል። ሶቅራጥስ፣ አፍላጦን (ፕላቶ)፣ አርስጣጣሊስ (አሪስቶትል) እዚያ በግዕዝ ይናገራሉ፤ በየመንገዱም የእኛን የአነጋገር ለዛና የእምነታችንን ቀለም ተላብሰዋል። ወደ እኛ የደረሰው ግን በአብዛኛው አባባላቸው ነው፤ ጠቢቡ እንዲህ አለ፣ ጠቢቡ እንዲህ ብሎ መለሰ። ያ አባባል ላይ ያደረሰው ክርክር፣ ተቃውሞና ምላሽ አብሮ አልተሻገረም። አባባል በቃል ይያዛል፤ የእርሳሱ መለኪያ ግን በቃል አይያዝም። ይህን ስል መጽሐፉን ለመንቀፍ አይደለም፤ ምሳሌያዊ አነጋገርን እንዲህ የሚወድ ሕዝብ አባባሉን ቢያስቀድም የሚገርም አይደለም።

አሪስቶትልን ያለ ነውር ማቅረብ ደግሞ አይቻልም። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ባርያ ነው ብሎ ጽፏል። ሴት የማመዛዘን ችሎታ ቢኖራትም ሥልጣን የለውም ብሏል። በጎነትን የሚያየው በነፃ፣ በወንድ፣ በአቴና ጨዋ ዓይን ነው። «የዘመኑ ሰው ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ነገር ግን በጽሑፉ ውስጥ ባርነት ከተፈጥሮ ውጭ ነው የሚሉ ሰዎችን ሐሳብ ራሱ ይጠቅሳልና አልሰማሁም ሊል አይችልም። ሌላው ከባድ ነገር አስተዳደግ ነው። ከልጅነት እንዲህ ወይም እንዲያ መልመድ የሚያመጣው ልዩነት ትንሽ አይደለም፣ እንዲያውም ሁሉም ነገር ነው ይላል። ታዲያ ሳህን በሚሰበርበት ቤት ያደገው ልጅስ? ድንጋዩን ማን ወረወረለት?

ለዚህ የተሻለውን መልስ የሰጠው ከአራት መቶ ዓመት በኋላ የመጣ ሰው ነው፤ አሪስቶትል ከቁም ነገር የማይቆጥረው ዓይነት ሰው። ኤፒክቴቶስ ዛሬ ቱርክ በሆነው አገር በሂየራፖሊስ የተወለደ፣ እግሩን የሚያነክስ፣ ሮም ውስጥ ባርያ የነበረ ነው። ነፃ ከወጣ በኋላ ፍልስፍና አስተማረ፤ ንጉሠ ነገሥት ዶሚጥያኖስ ፈላስፎችን ከሮም ሲያባርር ግሪክ ውስጥ ኒቆጵልዮን ከተማ ሄዶ ትምህርት ቤት ከፈተ። አንዲት መስመር አልጻፈም፤ ትምህርቱን የጻፈልን አሪያን የሚባል ተማሪው ነው። ኤፒክቴቶስ ስቶይክ ከሚባሉት ወገን ስለሆነ ከአሪስቶትል ጋር በብዙ ነገር አይስማማም፤ ቁጣን ራሱን ከሥሩ መንቀል ይፈልጋል እንጂ ልክ አይፈልግለትም። አመል በሥራ እንደሚመገብ ግን ሁለቱም ያውቃሉ። በእግር መሄድ የሚያዳብረው መራመድን ነው፣ መሮጥም መሮጥን፤ በተቆጣህ ቁጥርም ዛሬ አንድ ክፉ ነገር ደረሰብኝ ብቻ አትበል፣ ልማዱንም አሳደግኸው፣ እሳት ላይ ጭራሮ ጨመርህ ይላል።

ከዚያ ለተማሪዎቹ መፍትሔውን ይነግራቸዋል። ልማዱን አታብሉት። በመጀመሪያ ዝም በልና ያልተቆጣህባቸውን ቀናት ቁጠር፤ ዱሮ በየቀኑ እቆጣ ነበር፣ አሁን ቀን እየዘለልሁ፣ ከዚያም በየሦስት፣ በየአራት ቀኑ። ሠላሳ ቀን ካለፈህ፣ ለእግዚአብሔር መሥዋዕት አቅርብ።